ግማሽ ሚሊ

የጠዋት የመጀመሪያ ደንበኛውን ባዶ እጁን የሸኘ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር ይውላል ይባላል። በእኛ መደዳ ይህን የማያምን ባለሱቅ የለም። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ በምንም አላምንም የሚለውም ያምንበታል። የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ማሟሻ እንለዋለን። ያላሟሸ ባለሱቅ ፊቱ አይፈታም፣ ዝርዝር አይለመንም፣ ቀልድም አይገባውም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ሰበብ ብፈልግ ከዚህ የተሻለ አላጣም ነበር።

አስካለ እባላለሁ። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የመኪና ዕቃ ሲሸጥ ኖረ። እሱ ሲያልፍ ባንኮኒው ለእኔ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ "ይቺ ልጅ ቡሎንን ከቀሚስ ቁልፍ ትለያለች?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት "ካሊፐር" የሚል ስም አወጡልኝ። ካሊፐር ቶርኖ ቤት የብረት ውፍረት የሚለኩበት መሣሪያ ነው። እኔ መሣሪያው አልነበረኝም፣ ዓይን ነበረኝ። ሰው አሮጌውን ዕቃ ሳምፕል ብሎ ያመጣል። እኔ አገላብጬ አይና ከመሳቢያ አዲሱን አወጣለሁ፤ ልክ ይሆናል። መካኒኮች ከኮልፌ ድረስ ሰው ይልኩብኝ ነበር። ስሙን ወደድኩት፤ እንዲያውም አመንኩት። ሰው ያወጣላችሁን ስም ማመን ስትጀምሩ ተጠንቀቁ።

በዚያ ሰሞን ገበያው ሞቶ ነበር። ከላይም ከታችም ያሉት ሰፈሮች ለልማት ተነስተው የድሮ ደንበኞቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። የቀረነው ጥቂት ሱቆች እንደ አሮጌ አፍ ጥርስ እዚህም እዚያም ቆመናል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳላሟሽ ዘግቼ ገብቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ሆዴ ውስጥ አንድ ቂም የመሰለ ነገር ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሰው ናቸው።

"እንደምን አደርሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ ጋሽዬ? ምን ልታዘዝ?"

ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አወጡና ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። መሐሉ ላይ አንዲት የዛገች ቡሎን አለች። የፍሬን ቱቦውን ጎማው ጋ ካለው ሲሊንደር ጋር የምታስር፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነች፣ ከጣት አንጓ የማትበልጥ ቡሎን ናት። ጭንቅላቷን ፒንሳ ነክሶት ክብ ሆኗል።

"የምን መኪና ናት?"

"የላንድሮቨር። አሮጌ ናት፤ አንቺን ሳትበልጥሽ አትቀርም።"

"እኔን የሚበልጥ ነገር ሲገኝ ደስ ይለኛል ጋሽዬ። ሰሞኑን ሁሉም አዲስ ሆኖብናል።"

ሳቁ። ደምሴ እባላለሁ አሉኝ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፣ ቤታቸው ሠራተኛ ሰፈር ነው። የኋላው የፍሬን ቱቦ ዝጎ ስለፈነዳ መካኒካቸው ግርማ አዲስ ቱቦ እየሠራላቸው ነው። ግርማን አውቀዋለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ የሚያወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ያለች ግቢ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

"ግርማ ‘ካሊፐር ዘንድ ይሂዱ፣ እሷ አትሳሳትም’ አለኝ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ይህን ሲሉኝ አከርካሪዬ ቀጥ አለ። ቡሎኗን አንስቼ በጨርቅ ጠረግኳት። ጥርሷ ዝጓል፣ ግማሹም ተበልቷል። አሁን ልብ በሉኝ፤ የፍሬን ቡሎን ሁለት ዓይነት ነው፤ የኢንች አለ፣ የሚሊ አለ። አሮጌዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች የሚጠቀሙት የኢንቹን ነው፤ ጃፓኖቹ የሚሊውን። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መንታ ናቸው። የኢንቹ ከሚሊው በግማሽ ሚሊ ብቻ ይቀጥናል። ሚሊውን ወደ ኢንች ቀዳዳ ብታስገቡት ሁለት ዙር ዞሮ ይነክሳል፣ እምቢ ይላል፤ እሱ ደግ ነው። ክፉው ሌላው ነው። ቀጭኑ የኢንች ቡሎን ሰፊው የሚሊ ቀዳዳ ውስጥ እሺ ብሎ ይገባል፣ ይጠብቃልም። የያዘ ይመስላል።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት፣ ላንድሮቨር የእንግሊዝ ነው። ከግራው መሳቢያ የኢንቹን አወጣሁና ሁለቱን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሜ ወደ በሩ ብርሃን ያዝኳቸው። በመሐላቸው ክር የምታህል ብርሃን ታየችኝ። አሮጌዋም በጣቴ መሐል ትንሽ ወፈር አለችብኝ። ዝገት ነው አልኩ ለራሴ።

አየሁት እኮ። ዓይኔ አልሳተም፤ አይቷል። እኔ ነኝ ያላመንኩት።

"ሲሊንደሩን ራሱን ቢያመጡልኝ ጥሩ ነበር" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሲሊንደሩ ላይ በእጄ ሞክሬው በግማሽ ደቂቃ ይለይ ነበር። ግን ከወጡ በኋላ መንገድ ላይ ሌላ ሱቅ ገብተው ቢቀሩስ? የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው። ሁለት ቀን አላሟሸሁም።

ጋሽ ደምሴ ደግሞ ሰዓታቸውን አዩ። "ባለቤቴን ሰባት ሰዓት ላይ ማድረስ አለብኝ" አሉ። "ኩላሊቷ አይሠራም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ትታጠባለች። እግሯ ስላበጠ ታክሲ ላይ መውጣት አቅቷታል። ላንድሮቨሯን ግን ለምዳታለች፤ ደረጃ ሠርቼላታለሁ።"

"ይደርሳሉ ጋሽዬ፣ ምን ችግር አለ።"

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ? ፍሬን ነውና ነው የምጠይቅሽ።"

"ልክ ካልሆነ ዓይኔን ያጥፋው።"

ሁለት ቡሎን ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። "ገበያሽ ይድራ" ብለው መርቀውኝ ወጡ። መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ አሮጌዋን ቡሎን ባንኮኒው ላይ ረስተዋት ሄዱ።

ምርቃታቸው ሠራ፤ ገበያው ደራ። እስከ ስድስት ሰዓት አራት ሰው መጣ። እኔም በሆዴ "አየሽ፣ ማሟሻው ጥሩ ነበር" እያልኩ ደስ ብሎኛል። አራተኛው አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ የቶዮታ የፍሬን ሲሊንደር ፈለገ። አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለትና ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲያማርረኝ እየሰማሁ እጄ ዝም ብሎ ያችን የዛገች ቡሎን አነሳ። ያለ ሐሳብ ወደ ሲሊንደሩ ቀዳዳ አስገብቼ አዞርኳት።

ገባች። እስከ መጨረሻው ገባች፤ ሳትነክስ፣ ሳትወዛወዝ፣ ቤቷ እንደገባች።

ሾፌሩ ያወራል፤ እኔ አልሰማውም። ቡሎኗን ፈትቼ ከግራው መሳቢያ ለጋሽ ደምሴ የሰጠሁትን ዓይነት አወጣሁና ያንኑ ቀዳዳ ሞከርኩት። እሱም ገባ። በጣቴ ስነካው ግን ተንቀጫቀጨ።

"ወንድሜ፣ ይዘኸው ሂድ፣ ኋላ እንተሳሰባለን፤ ሱቁን ልዘጋ ነው" አልኩት።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

የጋሽ ደምሴ ስልክ የለኝም፣ የግርማም ስልክ የለኝም፤ በሰው በሰው ነው የምንላላከው። መዝጊያውን ጎትቼ ሮጥኩ።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ምኒልክ አደባባይ ዳገት ነው። በነጠላ ጫማ ነበርኩ። አንደኛው ተበጠሰ፤ ሁለተኛውንም ጥዬው ሄድኩ። በባቡሩ ድልድይ ሥር አለፍኩ፣ የጊዮርጊስን አጥር ይዤ ወጣሁ። በዚያ ደጅ ሳላማትብ ያለፍኩበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። ሰው ሌባ የማባርር መስሎት መንገድ ይለቅልኛል። አንድ ሎተሪ አዟሪ "እማማ፣ ወጣልሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር።

ግርማ ግቢ ስደርስ መተንፈስ አቅቶኛል። ላንድሮቨሯ የለችም። ግርማ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን በናፍጣ ይታጠባል።

"አስኩ! ምነው በባዶ እግርሽ?"

"ላንድሮቨሯ የታለች?"

"ሄደች። ገና ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው። ሚስታቸውን ሊያነሱ ወደ ቤት።"

"ግርማ፣ ሲሊንደሩ የምንድን ነው? የራሷ ነው?"

"የራሷማ ከየት ይገኛል? የዛሬ ዓመት የቶዮታ አስማምቼ ገጥሜላቸዋለሁ። ምነው?"

ግድግዳውን ያዝኩ። "የሰጠሁት የኢንች ነው" አልኩት።

እጁ ናፍጣው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ትንሽ ላላ ብላብኝ ነበር" አለ። "ቴፕ ጠቀለልኩባትና ያዘች። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጥኩት፤ ደንድኗል።"

"የውኃ ቧንቧ መሰለህ እንዴ ቴፕ የምትጠቀልልበት? ሲሊንደሩ የቶዮታ መሆኑን ለምን አልነገርካቸውም?"

"አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ!" ብሎ ጮኸ። "ካሊፐር አይደለሽ? እሷ ከሰጠች ልክ ነው ብዬ ነዋ!"

ስልክ ደወለላቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ደግሞ ደወለ። "አያነሱም" አለ። "መኪና ላይ ካሉ ሰማይ ቢወድቅ ስልክ አያነሱም፤ የሚስታቸውም ስልክ እሳቸው ኪስ ነው ያለው።" ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። በዚያ ቀን ግን ጥንቃቄያቸው ራሱ እንቅፋት ሆነብን።

"ቀለል ላለ ረገጣ ትይዛለች" አለ ግርማ፣ ለእኔም ለራሱም። "እሳቸው ደግሞ በማርሽ ነው የሚያወርዱት፤ ፍሬን ቀስ አድርገው ነው የሚነኩት። ካልደነገጡ ይደርሳሉ። እንደደረሱ እኔ ሄጄ ፈትቼ..."

አልጨረሰውም። ከሠራተኛ ሰፈር ሚስታቸው ወደሚታጠቡበት ሆስፒታል መንገዱ በእኛ በኩል ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ። ሌላ መንገድ የላቸውም። ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ግርማ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ተከተለኝ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆሜ ወደሚመጡበት አየሁ። ታክሲ፣ ታክሲ፣ የጭነት ፒካፕ፣ ታክሲ። ከዚያ የላንድሮቨሯ አረንጓዴ አፍንጫ ብቅ አለ። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሯ ይዟት እያጉረመረመ። ጋሽ ደምሴ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው። ከጎናቸው ነጠላ የደረበች ሴት ተቀምጣለች።

እጄን አወዛወዝኩ። "ጋሽ ደምሴ! ጋሽ ደምሴ!" አልኩ። አዩኝ። አወቁኝም፤ ፈገግ አሉ። አንድ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ሰላምታ ሰጡኝ። ባለሱቋ ሰላም ያለቻቸው መስሏቸው ነው።

ሊያልፉኝ ሆነ። ከእኔ በታች ቁልቁለቱ ይብሳል። ድልድዩ ጋ ሰው ከአስፋልቱ ላይ ተርፎ ይፈስሳል።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሺህ ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ። ሁለት እጄን ዘርግቼ መንገዱ መሐል ገባሁ።

ጋሽ ደምሴ ሰው እንዳይገድሉ ያላቸውን ኃይል ሁሉ ፔዳሉ ላይ ጣሉት። ፍሪሲዮኑንም አብረው ረገጡት፤ ማንም ቢሆን ሲደነግጥ ሁለቱንም ነው የሚረግጠው። ሞተሩ የያዛትን መኪና ለቀቃት። ከታች አንድ የታፈነ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግርማ ከኋላዬ "ወይኔ!" አለ። ላንድሮቨሯ ትንሽ ያዝ አደረገች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ መጣች።

ፊታቸውን አየሁት። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። በቀኝ በኩል ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል፤ መሐል ላይ እኔ አለሁ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙት። በአጠገቤ ስታልፍ ንፋሷ ቀሚሴን ገለበው። ማዶ ያለው የድንጋይ ግንብ ላይ በእሳቸው በኩል ገጨች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ሰው ተሯሯጠ፣ በሩን በብረት ፈለቀቁት። ወይዘሮ የሺመቤት፣ ባለቤታቸው፣ ግንባራቸው ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነበሩ። ጋሽ ደምሴን መሪው ደረታቸው ላይ ተጭኗቸው ነበር። ሲያወጧቸው ዓይናቸው ክፍት ነው፤ "የሺ? የሺ ደህና ናት?" ይላሉ። አንድ ባለታክሲ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሁለቱንም ጭኖ ወሰዳቸው። እኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት ውኃ ሰጠችኝና "እንኳን ተረፍሽ፣ እግዚአብሔር ነው ያወጣሽ" አለችኝ። እኔ የተረፍኩ ሰው ሆንኩ።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ያየ ሁሉ "ፍሬን በጥሶ ነው፣ አሮጌ መኪና ነው" አለው። እኔን ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ፤ "ፍሬን በጠሰ" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ፖሊሱ ዞር ሲል ግርማ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። "አስኩ" አለኝ ወደ መሬት እያየ፣ "እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። የሆነው ሆኗል። ብንናገር ሰውየውን አያድናቸውም። ዝም እንበል።"

እሺም እምቢም አላልኩትም። ዝም አልኩ፤ እሱም እሺታ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምላቸው ሳጠና ነው የሄድኩት። ‘ጋሽዬ፣ የሰጠሁዎት ዕቃ ልክ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው።’ ይኸው ነው፤ አጭር ነው። ክፍሉ በር ላይ ሆኜ እንኳ አንድ ጊዜ በሹክሹክታ አልኩት።

ጋሽ ደምሴ ደረታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ከፍ ብለው ተጋድመዋል። ወይዘሮ የሺመቤት አልጋው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋቸዋል። ጋሽ ደምሴ ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ።

"አንቺ ነሽ? ነይ፣ ነይ ልጄ። የሺ፣ ይቺ ናት እኮ የነገርኩሽ፤ ልታስቆመኝ የሮጠችው።" ሲናገሩ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "እንዴት አወቅሽ? ዘይት ሲፈስስ አይተሽ ነው?"

"እንዴ... ጋሽዬ... እንዲያው..."

"እግዚአብሔር ይስጥሽ። ራስሽን አሳልፈሽ ሰጥተሽ ነበር።" ትንሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ከፈቱ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት። አርባ ዓመት ነድቻለሁ፤ ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም። ያቺ ቡሎን... ደህና ነበረች አይደል?"

ጠየቁኝ። እኔ ሳልጀምረው፣ እሳቸው በሩን ከፍተው ሰጡኝ። ማድረግ የነበረብኝ መግባት ብቻ ነው።

ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም። ሚስታቸውን ፈራሁ፣ ፖሊሱን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ያ በምስጋና የሚያየኝ ፊት ሲለወጥ ማየት ፈራሁ። እጄ መሳቢያ ሲከፍት እንደሚፈጥነው አፌም ፈጠነ።

"ደህና ነበረች ጋሽዬ። ልክ ነበረች።"

በረጅሙ ተነፈሱ። ያረፉ መስሎኝ ነበር። "እንግዲያው እኔው ነኝ" አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ። "ዘግይቼ ነው የረገጥኩት። ወይም እግሬ ስቷል። እርጅና ነው እንግዲህ፤ መንዳቴን ማቆም ነበረብኝ።"

"አይዞዎት፣ ይረፉ። ነገ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ስሄድ ከቤተሰብ በቀር ሰው ወደማይገባበት ክፍል ወስደዋቸው ነበር። እሑድ ጠዋት ዐረፉ።

ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ሞልተው ነበር፤ ሽበታም ሰዎች እንደ ልጅ ያለቅሳሉ። ግርማ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ፍሬን አይነካም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዘይት ብቻ ይቀይራል አሉ። ተገናኝተን አናውቅም፤ መንገድ ላይ ቢያየኝ የሚሻገር ይመስለኛል፣ እኔም እሻገራለሁ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች "ታዲያ ምን ተማርሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ገጠመኝ ሲጻፍ እንዲህ ነው ወጉ። የተማርኩት ይኸው፦ ከቶርኖ ቤት እውነተኛ ካሊፐር ገዝቻለሁ። ባንኮኒው ላይ ሁለት ብረት ሰክቼ አንዱን የኢንች፣ አንዱን የሚሊ ጥርስ አስወጥቼባቸዋለሁ፤ ማንም የፍሬን ዕቃ ይዞ ሲመጣ እዚያ ሳልሞክር አልሰጥም። ሲሊንደሩን ካላመጣህ ሂድ እላለሁ፣ የመጀመሪያ ደንበኛም ቢሆን። ደንበኛ ይናደዳል፣ "አረጀሽ እንዴ?" ይለኛል፣ ማዶ ሄዶ ይገዛል። ይግዛ። ዘግይቼም ቢሆን ለፖሊስ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ነገሩ ገና አልተቋጨም። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ግን እንዳታስቡ፤ አንዱም አላቀለለኝም። ሰው ከስሕተቱ ይማራል የሚሉት የተማረበትን ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍልለት ነው መሰለኝ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከዚህ የማልወጣበት። ባልገባባቸውስ? መሐል መንገድ ባልቆምባቸው ኖሮ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ድልድዩን ይሻገሩ አልነበር? ግርማ ያን ቀን ይደርሳሉ ብሎኝ ነበር፤ አንዳንዴ አምነዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ይታየኛል። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም።

የቀረኝን ልንገራችሁ። ፖሊስ ጋ ከመሄዴ በፊት፣ ሰልስቱ ካለፈ ከሳምንት በኋላ፣ ሠራተኛ ሰፈር ወይዘሮ የሺመቤት ቤት ሄድኩ። ለቅሶተኛው ቀንሷል። አልጋ ላይ ደገፍ ብለው፣ ያበጠ እግራቸውን በትራስ ከፍ አድርገው ብቻቸውን ነበሩ። ወደ እጥበቱ አሁን የእህታቸው ልጅ ናት የምታደርሳቸው፤ ሁለት ቀን አምልጧቸዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል።

ሳልቀመጥ፣ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሟሻውን፣ ብርሃኗን፣ የኢንቹን፣ የሚሊውን፣ የግርማን ቴፕ፣ መሐል መንገድ መግባቴን። አልቅሼ ነው የነገርኳቸው። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር፤ እንዲጮኹ፣ እንዲያስወጡኝ። ጨርሼ "ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አልኩና ወደ እግራቸው አጎነበስኩ።

ድምፃቸው ከጠበቅሁት በላይ ዝቅ ብሎ መጣ።

"ጠይቆሽ ነበር እኮ።"

"አዎ እትዬ።"

"አጠገቡ ነበርኩ። ደህና ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀሽ።" ወደ እኔ አላዩም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት። "ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ‘የሺ፣ እኔ ነኝ የጣልኩሽ፣ ይቅር በይኝ’ ይለኛል። ተው እለዋለሁ፣ አይሰማም። መጨረሻ ላይ እንዲያርፍልኝ ብዬ፣ እጁን ይዤ፣ ‘ይቅር ብዬሃለሁ’ አልኩት።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

"ላላጠፋው ጥፋት ይቅር አልኩት።"